«በጀት የለም» ሲሏችሁ የትኛውን የለም ማለታቸው ነው? ስለ ኮብልስቶን መዋጮ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ሰፈራችን 74 ቤት ነው። ለኮብልስቶን አዋጥተን 620 ሺህ ብር ባንክ አስቀምጠናል። ጅዳና አሜሪካ ያሉ ልጆቻችንም ልከዋል። 11 ቤት ግን አልከፈለም። ማዘጋጃ ቤቱ በስብሰባ ላይ ግማሹን እናንተ፣ ግማሹን እኛ ብሎ ነበር። ሁለት ክረምት አለፈ። በሄድን ቁጥር በጀት የለም ይሉናል። ቃል የገቡልን ከንቲባም ተነሥተዋል። ብሩን ለየባለቤቱ እንመልስ? ራሳችን እናሠራው? ወይስ የት ሄደን አቤት እንበል?»

እኔ በአንድ ማዘጋጃ ቤት መጀመሪያ ገቢ ክፍል፣ በኋላ ዕቅድና በጀት ላይ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ የምመልስላችሁ ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ተቀምጬ ከነበርኩበት ነው። «በጀት የለም» የሚለውን እኔም በቀን አሥር ጊዜ ብዬዋለሁ።

ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ግን ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ አንድ አይደለም። አንዳንዴ ሥራው ጭራሽ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ አልገባም ማለት ነው። አንዳንዴ ገብቷል፣ ይሰበሰባል የተባለው ገቢ ግን አልተሰበሰበም። አንዳንዴ ደግሞ ዕቅድም ነበረ፣ ብሩም ነበረ፣ መሐል ላይ ለሌላ ነገር ዞረ። የትኛው እንደሆነ ካልጠየቃችሁ ማንም ጠርቶ አይነግራችሁም። የናንተ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ለምን ብትሉ፣ ስለ ስብሰባና ስለ ቃል ጻፋችሁልኝ እንጂ ስለ አንድም ወረቀት አላነሣችሁም።

ያንን ስብሰባ በዓይነ ኅሊናዬ አየዋለሁ። አዳራሹ ሞልቶ፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ» ተብሎ፣ ተጨብጭቦ፣ ቆሎ ተበልቶ። ቃለ ጉባኤ ተይዞ ነበር? ማን ፈረመ? ግማሽ የተባለው የምኑ ግማሽ ነው? የድንጋዩ ብቻ? የቦዩስ? የመሐንዲሱ ልኬት ሳይወጣ ግማሽ ማለት እኮ የምንም ግማሽ አይደለም። ከንቲባው ስለተነሡ ቃሉ ፈረሰ የምትሉትም እንደዚያው ነው። ቢሮው በጽሑፍ የገባው ቃል ቢኖር ኖሮ አዲሱም ከንቲባ ይወርሱት ነበር። በቃል ብቻ የተባለውን ግን ሰውዬው ይዘውት ሄዱ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልንገራችሁ። የከተማ አስተዳደር ሁለት ኪስ ነው ያለው። አንዱ ለመንግሥት ሥራ ነው፣ ትምህርት፣ ጤናና የመሳሰለው። ለዚህ ክልሉ ጥቅል በጀት ይልካል፣ አብዛኛው ደመወዝ ሆኖ ያልቃል። ሌላው ለማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ቦይ፣ ቆሻሻ፣ ገበያ፣ ቄራ እዚህ ውስጥ ናቸው። ይኼኛው ኪስ በዋናነት የሚሞላው ከተማዋ ራሷ በምትሰበስበው ነው። ቅዳሜ ገበያ መግቢያ ላይ ቲኬት ይዞ ከበግ ነጋዴ ጋር የሚጨቃጨቀውን ልጅ ታውቁታላችሁ? ኮብልስቶናችሁ ያለው እሱ ቦርሳ ውስጥ ነው። የቦታ ኪራይ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ የአገልግሎት ክፍያና ሊዝ ይጨመርበታል። ከዚያ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ደመወዝ፣ የቆሻሻ መኪናው ነዳጅና ጎማ ይነሣል። የተረፈው ነው ካፒታል፣ ማለትም የግንባታ ብር፣ የሚሆነው።

ሊዝ ትንሽ ከተማ ላይ እንደ ሎተሪ ነው። ጨረታ የወጣ ዓመት ገቢው ይዘላል፣ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ይወድቃል። መሬት አንዴ ከተላለፈ ሁለተኛ አይተላለፍምና። እኔ ባለሁበት ጊዜ አንድ ዓመት በሊዝ ደስ ብሎን አራት መንገድ አቀድን፣ በዓመቱ ግን አንዱንም ለመጨረስ ተቸገርን። ያን ጊዜ ለመጡት ሁሉ «በጀት የለም» አልን። እውነት ነበር። ግን ከየትኛው ኪስ እንደሌለ፣ ለምን እንደሌለ ቁጭ አድርገን ብንነግራቸው ኖሮ ግማሹ ሰው ተረድቶን ይሄድ ነበር። አልነገርናቸውም። ሰነፍን መሰለኝ።

ስለዚህ «ለመምህራን ደመወዝ እየተከፈለ የኛ እንዴት ጠፋ» የሚለው ክርክር አያስኬዳችሁም፣ ያ ሌላ ኪስ ነው። የሚያስኬደው ጥያቄ ይኼ ነው፦ «የዘንድሮ ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ስንት ታቀደ፣ ስንት ተሰበሰበ፣ ለካፒታል ስንት ተመደበ፣ የትኞቹ ሰፈሮች ገቡ?» ይህን የጠየቀ ሰው ሲመጣ ወንበር ይሳብለታል። ከልምዴ ነው የምነግራችሁ።

አሁን ወደ ጊዜው። ጥያቄያችሁን የካቲት መጨረሻ ላይ መላካችሁ መልካም አጋጣሚ ነው። የመንግሥት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። ይህን ከመንገድ ሥራ ጋር አስተያዩት። በጀቱ ሥራ ላይ የሚውለው ዝናቡ በጠናበት ሰሞን ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ድንጋይ አይነጠፍም። መስከረም ጭቃው ሲደርቅ ሰነድ ይዘጋጃል። ጥቅምትና ኅዳር በጨረታና በውል ያልፋል። ለሥራ የሚተርፈው ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ነው። ግንቦት ላይ የተጀመረ ሥራ ደግሞ ሰኔ ዝናብም ሂሳብ መዝጊያም አንድ ላይ ይመጡበታል። ሰኔና ሰኞ ማለት ለማዘጋጃ ቤት ሰው ይኼ ነው። (ሰኔ ላይ ብሩ እንዳይመለስ ተብሎ ስንት ወንበርና ጠረጴዛ እንደሚገዛ ሌላ ቀን አጫውታችኋለሁ።)

የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ደግሞ በአብዛኛው የሚረቀቀው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ወደ ምክር ቤቱ ይቀርባል። የማን ሰፈር ይግባ የሚለው ተወስኖ ያለቀው ግን ከዚያ በፊት ነው፣ ዕቅድ ክፍል ጠረጴዛ ላይ። ሰው የሚመጣው ሐምሌ ላይ ጎርፍ ቤቱ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ልባችን ቢያዝንም እጃችን ላይ የቀረ ነገር የለም። እናንተ አሁን ሂዱ።

ስትሄዱ እንደ ወትሮው አምስት ሽማግሌ ሆናችሁ ከንቲባው ቢሮ በር ላይ አትሰለፉ። ደብዳቤ ጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል። ጉዳዩ፦ የሰፈሩ መንገድ በሚቀጥለው በጀት ዓመት የካፒታል ዕቅድ እንዲካተት ስለመጠየቅ። ውስጡ ላይ የመንገዱን ርዝመትና ስፋት፣ የቤቱን ብዛት፣ ባንክ ያለውን ብር፣ ስብሰባው የተደረገበትን ቀን ጻፉ። «የተከበረው ማዘጋጃ ቤታችን ለልማት ያለውን ቁርጠኝነት» የሚለውን ተዉት፣ እኛም አናነበውም ነበር። ለዕቅድና በጀት፣ ለከተማው ሥራ አስኪያጅ፣ ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤና ለቀበሌያችሁ ግልባጭ አድርጉ። ግልባጭ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ሲያድር ማንም አያየውም። አራት ቢሮ ግልባጭ የደረሰው ከሆነ ግን እያንዳንዱ ኃላፊ «ሌላው ምን መልስ ሰጠ?» እያለ ይጨነቃል። ከዚያ መዝገብ ቤት ገብታችሁ በእጃችሁ በምትይዙት ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን አስጽፉ። እምቢ የሚል የለም፣ ሥራቸው ነው።

ከዚሁ ጋር ሁለተኛ ደብዳቤ አለ። ይኼኛው ልመና የለበትም። የመረጃ ነፃነት አዋጅ፣ ቁጥር 590/2000፣ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የከተማ አስተዳደር ከዚህ አይወጣም። ለምን ፈለጋችሁት ተብላችሁ አትጠየቁም። መልስ የሚሰጠው በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ ነው። የሚቀርበውም ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው። በዚህ ደብዳቤ የማዘጋጃ ቤታዊ ገቢውን ዕቅድና ክንውን፣ የዘንድሮውን የካፒታል ፕሮጀክቶች ዝርዝር ጠይቁ። ሌላ ምንም አትጨምሩበት። ቅሬታ ቀላቅላችሁ ከጻፋችሁ ለቅሬታው መልስ ሰጥተው መረጃውን ይዘሉታል። ዝም ካሏችሁ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ ይህን አዋጅ የሚከታተለው እሱ ነው። በተለያዩ ክልሎች ቅርንጫፍ አለው። እንባ ጠባቂ ዳኛ አይደለም፣ አስገድዶ ድንጋይ አያስነጥፍም። ነገር ግን ከእሱ የመጣ ደብዳቤ ትንሽ ከተማ ላይ ሲደርስ ቢሮው ቀጥ ይላል።

ከመጻፋችሁ በፊት የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱን ግድግዳ እዩ። ብዙ ከተማና ወረዳ የዓመቱን በጀት ለሕዝብ በሰሌዳ የመለጠፍ ልማድ ነበራቸው። አንዳንዱ ጋ ወረቀቱ ከሦስት ዓመት በፊት የተለጠፈ፣ ፀሐይ የበላው ሆኖ ታገኙታላችሁ። እሱም ይጠቅማል፣ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ መለጠፍ እንዳቆሙ ያሳያችኋል። ከተማችሁ ዩአይአይዲፒ የተባለው የዓለም ባንክ የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም ከደገፋቸው 117 ከተሞች አንዷ ከነበረች ደግሞ የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ፣ ሲአይፒ የሚሉት፣ ማዘጋጀት ለምደዋል። ያ ዕቅድ ሕዝብ ተወያይቶበት ነው መውጣት የነበረበት። «ሲአይፒው ውስጥ አለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ቃሉን ማወቃችሁ ብቻ ያስደነግጣል።

ምክር ቤቱን በተመለከተ እውነቱን ልናገር። በጀት የሚያጸድቀው እሱ ነው፣ ከንቲባውን የሚጠይቀውም እሱ ነው፣ በወረቀት። ግን የአካባቢ ምርጫ የተደረገው በ2005 ነው፤ በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዘመ። ስለዚህ የወከላችሁ ሰው ማን እንደሆነ ባታውቁ አልፈርድባችሁም። እሱ ራሱ ከተማውን ለቅቆ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አፈ ጉባኤ ቢሮ አለ፣ ጉባኤ ይጠራል፣ አጀንዳ ይያዛል። የሚሠራውን መጠቀም ነው።

ወደ «ራሳችን እናሠራው?» ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የሚቆጨኝ ነገር አለና።

እኔ በሠራሁበት ከተማ አንድ ሰፈር ልክ እንደናንተ ማዘጋጃ ቤቱን ጠብቆ ጠብቆ ሰለቸው። ብራቸውን አወጡ፣ በጥቃቅን የተደራጁ ጎበዝ ልጆች አገኙ፣ በሁለት ወር 200 ሜትር ገደማ አነጠፉ። ቢሮው በቃል «ጥሩ ነው፣ በርቱ» አላቸው። ንጣፉ ሲታይ ያምር ነበር። ለፋሲካ ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት አይቻለሁ። ችግሩ ልኬት አልተወሰደም። ድሮ የነበረው መንገድ ከቤቶቹ ደጃፍ ዝቅ ያለ ነበር፣ አፈር እየጨመሩ፣ ገረጋንቲ እየደለደሉ፣ አሸዋና ድንጋይ ሲደርቡበት መንገዱ በታችኛው በኩል ካሉት ቤቶች ደፍ ከአንድ ስንዝር በላይ ከፍ አለ። ቦይ አልተሠራም፣ «በሚቀጥለው ዙር» ተባለ። ሐምሌ ገባ። በአንድ ሌሊት ዝናብ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ቤት ውሃ ገባ። ጠዋት ስንደርስ የሊጥ ባልዲያቸው ጓዳው ውስጥ ተንሳፎ ነበር፣ የዱቄቱ ጆንያ ከሥሩ ረጥቦ ተቆልሏል። ሴትየዋ አልጮሁም። ወደ መንገዱ እያዩ «ጭቃው ይሻለኝ ነበር» ብቻ አሉ። ኮሚቴው ወደኛ መጣ። እኛ ደግሞ «ሥራው በማዘጋጃ ቤቱ ዲዛይን ያልተሠራ በመሆኑ ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ደብዳቤ ጻፍን። ያንን ደብዳቤ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ።

አላለቀም። በዓመቱ የውሃ አገልግሎት አሮጌውን መስመር ሊቀይር መጥቶ መሐሉን ቆፈረው። ከቆፈረ በኋላ ድንጋዩን መልሶ ወረወረው እንጂ አላነጠፈውም።

ስለዚህ መልሴ፦ ራሳችሁ ልታሠሩት ትችላላችሁ፣ ግን የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ለክቶ፣ ከፍታ አውጥቶ፣ ማኅተም ያለበት ንድፍ ሳይሰጣችሁ አንድ ድንጋይ እንዳታስቀምጡ። ይህን ለመስጠት በጀት አያስፈልጋቸውም፣ መሐንዲሱ ደመወዝተኛ ነው። የምትጠይቁት ትልቁ ነገር ብር ሳይሆን ይኼ ልኬት ነው እላለሁ። ከውሃና ከመብራት፣ ከቴሌም፣ በሚቀጥሉት ዓመታት እዚህ መስመር የምትቆፍሩት አለ ወይ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። አለ ካሉ መጀመሪያ እነሱ ይቅበሩ። ቦዩን ከድንጋዩ አስቀድሙ፣ ብር ቢያጥር እንኳ ቦዩን ሠርታችሁ ድንጋዩን አቆዩ። ቦይ ያለው አፈር መንገድ ቦይ ከሌለው ኮብልስቶን ይሻላል። ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ፣ ሐምሌ ላይ አይስቁም።

ሥራው ሲጀመር ከኮሚቴው አንድ ሰው በየቀኑ ይቁም። መሐንዲስ መሆን የለበትም። ድንጋዩ በየጎኑ 10 ሴንቲ ገደማ ከሆነ በአንድ ካሬ ሜትር መቶ አካባቢ ይገባል፤ በክር አንድ በአንድ ሜትር ከልሎ ቢቆጥርና 70 ቢያገኝ ወይ ድንጋዩ ትልቅ ነው ወይ ክፍተቱ ሰፍቷል። ከሥር ያለው መደልደያ በሮለር ሳይጠቀጠቅ አሸዋ እንዳይደፋበት ያስቁም። ተዳፋቱን ለማየት ደግሞ የልጅነታችን ዘዴ አለች፦ ውሃ የሞላባት ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ። ሁለቱ ጫፍ ላይ ውሃው የሚቆምበት ልክ አንድ ነው፣ ከዚያ ወዲያና ወዲህ በሜትር መለካት ነው። አንድ ጡረታ የወጡ ግንበኛ በሷ ብቻ ኮንትራክተር ሲያርሙ አይቻለሁ።

ስለ 11ዱ ቤቶች። በመዋጮ ሰፈር የሚያጣላው ይኼ ነው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ በላይ። «ያልከፈለ በዚህ አይለፍ» የሚል ሰው ኮሚቴ ውስጥ እንዳለ አልጠራጠርም፣ ሁሌም አንድ አለ። ተዉት። መንገድ የወል ነው፣ ሰው አታግዱም፣ ልታግዱም አትችሉም። ይልቅ 11ዱ እነማን እንደሆኑ ለዩ። አቅም የሌላቸው አረጋውያን ካሉ እድሩ ይሸፍንላቸው፣ ለቀብር የሚተባበር ሰፈር ለዚህ አያንስም። እያላቸው የማይከፍሉ ካሉ ብዙውን ጊዜ የሚጠረጥሩት ነገር አለ፣ ሂሳቡን አሳዩአቸው። ከ11ዱ ውስጥ የቀበሌ ቤት ውስጥ የሚኖሩ አሉ? እርግጠኛ ነኝ ይኖራሉ። እነሱ እኮ ተከራይ ናቸው። ከ1967ቱ አዋጅ 47 ጀምሮ የነዚያ ቤቶች ባለቤት መንግሥት ነው። ደጃፉ ላይ መንገድ ሲሠራ ዋጋው የሚጨምረው የተከራዩ ንብረት አይደለም፣ የባለቤቱ ነው። ስለዚህ የቀበሌ ቤቶቹን ድርሻ ማዘጋጃ ቤቱ እንደ ቤት ባለቤት ይክፈል በሉ፣ ከ«ግማሹን እኛ» ውጪ። ደብዳቤው ላይ ይህችን አንድ መስመር አስገቧት። ይከፍላሉ ብዬ አልምልም። ግን መልስ የሌለው ጥያቄ ስለሆነ በሌላው ነገር ላይ ለዘብ ያደርጋቸዋል።

ብሩን እንመልስ ላላችሁት፣ አሁን አትመልሱ። ተመልሶ የተሰበሰበ መዋጮ አላየሁም። ግን እንዲሁም አታስቀምጡት። ባንክ ጥቂት ወለድ ይሰጣችኋል፣ የናፍጣና የሲሚንቶ ዋጋ ደግሞ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ በየክረምቱ ከመንገዳችሁ ጥቂት ሜትር እየተበላ ነው። ሂሳቡ በሦስት ሰው ስም ከሆነ ጉባኤ ጠርታችሁ፣ በቃለ ጉባኤ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚወጣ ዝግ ሂሳብ አድርጉት። ከሦስቱ አንዱ ቢሞት ወይ ከተማ ቢቀይር የሚተካው ሰው ስሙ አሁን ይጻፍ። «ወደኛ ገቢ አድርጉት፣ እኛ እንጨምርበታለን» ከተባላችሁ ውል ሳይፈረም አታድርጉት። ውሉ ላይ የመንገዱ ርዝመት፣ የሁለቱ ወገን ድርሻ በብር፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ካልተጀመረ ብሩ የሚመለስበት ሁኔታ ይኑር።

ጅዳና አሜሪካ ላሉት ልጆችም በየወሩ አንድ ፎቶና የባንክ ሂሳቡን ገጽ ላኩላቸው። ሥራ ባይኖርም ላኩ። ዝምታ ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ማዘጋጃ ቤቱን አይደለም፣ እናንተን ነው።

በነገራችን ላይ በጥር 2017 የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ከየቤታችሁ የሚሰበሰበው ከፍ ሲል «ግማሹን እናንተ» የሚለው አነጋገር ራሱ መጠየቅ አለበት፣ ግብሩም የናንተው ነውና። ያንን ግን አሁን አታንሡት፣ ለዚህ ዓመት ደብዳቤ ይበዛል።

ሁለቱንም ደብዳቤ እስከ መጋቢት 15 አስገቡ። ልኬቱ ሲወጣ ካሬ ሜትሩንና የጠየቋችሁን ዋጋ ጻፉልኝ። የድንጋዩ ካባ ከከተማው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነም ጨምሩበት፣ ዋጋው ላይ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ማጓጓዣው ነው፣ እሱን ሳላይ ውድ ነው ርካሽ ነው ልላችሁ አልችልም።